ዘይት የጠጣ እንጨት

አርባ ዓመት ያ ሞተር ሜዳው ላይ ጮኸና
የሄሰልን ጆሮ በላው ቀስ በቀስ፤
ዛሬ በር ባንኳኳ አይሰማኝምና
በመስኮት በኩል ነው እጄን የማወዛውዘው፣
ወንድሜ ቀና እስኪል፣ ሻዩን እስኪጨርስ።

ደብዳቤ መጣለት ከማዘጋጃ ቤት፦
ከባሕሩ ግድብ ሥር የቪትስከ ባዝራ
ልትወልድ ነውና፣ መንደሩም ተማሯል፣
ከፋሲካ ወዲያ የነዳጅ ሞተር ድምፅ
በሜዳው አይሰማ።
ሄሰል አነበበው፣ ሁለት ጊዜ አጠፈው፣
«ጫጫታ?» አለኝ፣ «የምን ጫጫታ?»
እውነቱን ነበር። እሱ ዘንድ ከጠፋ ሰነበተ።

የፈታሁት እኔ ነኝ። ብሎኖቹ አራት፣
አንዱ በዝገት የተጣበቀ እንደ መዥገር፤
ጋኑን ሳወጣው ቱቦው በእጄ ተሰበረ፣
ጋራዡን ሞላው የጉሎ ዘይት ሽታ፦
የአባታችን ካፖርት፣ የልጅነት ቅዳሜ፣ ያረረ ስኳር።

የአፍንጫው እንጨት ጠጥቶ ጠጥቶ
እንደ ትንባሆ ቅጠል ጠቁሯል፤
በአልኮል አጠብኩት፣ የበቆሎ ዱቄት ነሰነስኩበት፣
ሌሊቱን ዱቄቱ ዘይቱን ይመጥጣል፣
ጠዋት እጠርገዋለሁ፣ ማታ ደግሞ ያልበዋል።
ዘጠኝ ቀን እንዲህ።
ሙጫ ቅባት ላይ የሰካራም መሐላ ነው፣
ሲነጋ ይለቃል።

አዲሱ ሞተር ድፍን ነው፣ ባለ ሦስት ሽቦ፣
ጭስ የማያውቅ፣ በብርድ ጠዋት የማይስል።
ባትሪዎቹ ግን ሁለት፣ የጡብ ያህል፣
በጋኑ ቦታ አልገባ አሉ፤
ጣሪያውን ቆርጬ ክዳን ሠራሁለት።
መጋዙን ሳነሣ ሄሰል ፊቱን አዞረ፣
ሆስፒታል ኮሪደር ላይ እንደቆመ ሰው።

ሚዛኑ በጣት ነው፦ እሱ በአንድ ክንፍ፣ እኔ በአንድ፣
ሁለት ሜትር ተኩል በአራት ጣት ተንጠልጥሎ።
አፍንጫው ደፋ አለ፤ ባትሪውን ወደ ኋላ።
ጅራቱ ከበደ፤ ወደ ፊት ጥቂት።
አንድ ጣት ስንቀንስ፣ ግማሽ ጣት ስንጨምር፣
«በቃ» አለ ሄሰል። ዓይኑን ጨፍኖ ነበር።

ሜዳው ላይ በወረቀት ጽፌ አሳየሁት፦
«የማይጮህ ውሻ ነው፤ መሰኪያውን ስሰካ
እጅህን ሰብስብ።»
የግራ ሌባ ጣቱን ወደኔ ቀሰረ፣
ጫፉ የለም። የሚጮኸውም ነክሶኛል ማለቱ ነው።

ተነሣ።
በጎቹ ቀና አላሉም።
ከክንፉ ሥር የሚሰማው ነፋስ ብቻ፣
የሚረገፍ አንሶላ።
ይልመር፣ የክበቡ ገንዘብ ያዥ፣
ዓመቱን ሙሉ ለዚህ ዝምታ የተሟገተው፣
ባርኔጣውን አወለቀ፣ መልሶ አጠለቀው።
አንድ ነገር ጎድሎናል፤ ስሙን የጠራ የለም።
ሄሰልን አየሁት፦ እሱን ምንም አልጎደለው።
ለሱ ይህ አውሮፕላን
ድሮም እንዲህ ነበር የሚበረው።

ስምንት ደቂቃ ሲሞላ ማንቂያው ጮኸ፣
ትከሻውን ነካሁት።
ሳሩን ሳያሳምም አሳረፈው።

ከዚያ እንደ ልማዱ ከኪሱ ጨርቅ አወጣ፣
ተንበርክኮ ሆዱን ይጠርግ ጀመር።
ምን አለና፣ ልለው አፌን ከፈትኩ፣
ለማን እንደማወራ ትዝ አለኝ።
ጨርቁን ገልጦ አየው፦ ንጹሕ።
ደገመው፣ ከአፍንጫው ሥር፣ ፀሐይ ካሞቀችው ስፌት።
ምስር የምታህል ቡናማ ነጥብ።
አሸተታት፣
ጨርቁንም ለኔ አቀበለኝ።