ለጥራት ሲባል ይቀረጻል

ሊድስ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ አሥራ አራተኛ ወንበር፤
ከጧት ጀምሬያለሁ የሰው ዕቃ ስቆጥር።
ምንጣፍና ፍሪጅ፣ የሟች አክስት ሰዓት፣
መንታ የጆሮ ጌጥ፣ ብስክሌት፣ ካቦርት፤
ሁሉም ዋጋ አለው፣ ሁሉም ሣጥን አለው፣
የኔ ሥራ መጠየቅ፣ የነሱ መማል ነው።

ለምሳ አሥር ደቂቃ ሲቀረኝ ደወለ።
«ቴሬንስ ሃብል ነኝ፣ ከግሪምስቢ» አለ፤
«የቤት ዕቃ ውሌን ላሳድስ ነው» አለ።

«ይህ ጥሪ፣ ለጥራት ሲባል ይቀረጻል፤»
ይህን ዓረፍተ ነገር አፌ ተኝቶ ይላል።
«ይቀረጻል?» አለኝ፣ ድምፁ ከፍ ብሎ፣
ሰባ ዓመቱን ሁሉ ከትከሻው ጥሎ።
«ማይኳ ከከንፈርሽ በጣም ተጠግታለች፣
‹ፖሊሲ› ስትዪ ‹ፖ› ትፈነዳለች፤
ደግሞ ከጀርባሽ ላይ ንብ ታጉረመርማለች።»

ዞር አልኩ። ማራገቢያ።
ሁለት ዓመት ሙሉ ካጠገቤ ዘፍኖ፣
አንድ ቀን አልሰማሁት፣ ሥራዬ ጆሮ ሆኖ።

የሚያስመዘግበው የትንሿን ክፍል ነው፣
ሞሪን ልብስ ስትተኩስ የኖረችበትን ነው።
«ሁለት ድምፅ ማጉያ፤ አንድ ኪቦርድም አለው፤
ሚክሰር፣ ባለ አሥራ ስድስት፣ ዘጠነኛው ሟች ነው፤
ማይክ ደግሞ አለችኝ፣ በጡረታ ስንብት
መኪናዬን ሸጬ ጨምሬ የገዛኋት።»

ከሺህ አምስት መቶ የሚበልጥ ዕቃ
በስሙ ይጻፋል፣ ልክ እንደ ሰው በቃ፤
ማይኳን በስም፣ በቁጥር፣ ክርስትና አነሣን።

«ግድግዳው የለበሰው የወንበር ጨርቅ ነው፣
አውቶቡሴ ሲሞት ለኔ ያወረሰው።»
«ስንት ልበለው?» አልኩ። «ዋጋማ የለውም፤
ያለሱ ግን የባሕር ወፍ ከዜማዬ አይወጣም።»

ከዝርዝሩ ግርጌ ያቺ ጥያቄ ጠበቀችን።
«በዚህ መሣሪያ ገንዘብ አግኝተው ያውቃሉ?
‹አይ› ካሉ ዕቃዎቹ በቤቱ ውል ይጠቃለላሉ፤
‹አዎ› ካሉ ግን ንግድ ነው፣ ሌላ ውል ያስይዛል፣
ከዚህኛው ልቃቂት ውሉ ይመዘዛል።»

ዝም።
ስክሪኔ ላይ ድምፁ ቀጥ ያለ መስመር ሆነ፣
አሥራ አንድ ሰከንድ ሙሉ እንደ ክር ቀጠነ።

«አንድ ጊዜ» አለኝ። «አርባ ፓውንድ። ይኸው ነው።
የዓሣ ነጋዴው ሚስት ያረፈች ጊዜ ነው፤
ለቀብሯ መዝሙር ቀረጽኩ። ባልየው ከፈለ፤
እጄም፣ አልዋሽሽም፣ አልቀበልም አላለ።
ሁለቱን ኖቶች በፍሬም ሰቅያቸዋለሁ፣
ድምፅ ሳስተካክል ቀና ብዬ አያለሁ።»

ጣቴ ‹አይ› ላይ ነበር።
ስጦታ ነው ልለው፣ የሐዘን ነው ልለው፣
አርባ ፓውንድ ደግሞ ምኑ ንግድ ነው ልለው፣
አፌን ከፈትኩና ትዝ አለኝ መቀረጹ።
እሱ ግን ቀደመኝ።

«‹አዎ› ብለሽ ጻፊው። ‹ሾፌር› ነኝ በሠርጌ፣
‹ሾፌር› ነኝ በደሞዜ፣
‹የሾፌር ሚስት› ይላል የሞሪን ወረቀት፣
እሷን በቀበርኩ ጊዜ።
እስቲ አንድ ወረቀት ሌላ ነገር ይበለኝ።»

«በዓመት ሰባ ሁለት ፓውንድ ይጨምራል» አልኩት።
«በወር ስድስት» አለኝ፣ ቀድሞ ነው ያሰላት፤
«ለሹመት ርካሽ ነው።»

እውነት ተናግሮ ከመሸበት ማደር ይሉት ነገር፣
አዳሩ ይኼ ሆነ፦ ከፍ ካለ ዐረቦን ሥር።

‹ሥራ› ከሚለው ሣጥን ‹ሾፌር›ን ሰረዝኩ፣
ፊደል በፊደል፣ በዝግታ፣ ‹ሙዚቀኛ› አልኩ።
ኮምፒዩተሩ አልተቃወመም። ምሳዬ አለፈ።

«ይኼ ሁሉ» አለኝ «ተቀርጿል በውነቱ?»
«ተቀርጿል።» «እንዴት ነው፣ ደህና ነው ጥራቱ?»

እጄን ሰደድኩና ማራገቢያውን አጠፋሁ።
ንቧ ሞተች። ማይኳን ከአፌ አራቅሁ።
«አሁን ጥርት ብሏል» አልኩት። «እስቲ ደግመው፣
ስምዎን ይንገሩኝ። ሥራዎንም አክለው።»