ለመጪው ክረምት

ካላንደሩን ያመጣችው እናንዬ ናት፣
ከሽምብጥ ፋርማሲ፣ ከመድኃኒቱ ጋር በነፃ የሰጧት።
ወሮቹ የኛ ናቸው፣ ሥዕሎቹ የሰው አገር፤
ሐምሌ ላይ አንድ ሐይቅ አለ፣ ዙሪያውን ተራራ ያጠር።
ውሃው ቆሟል።
በውሃው ላይ ሰዎች ቆመዋል።
አንዱማ ወንበር አውጥቶ ተቀምጦበታል፣
እንደ ደጁ፣
እንደ ገዛ ግቢው።

"የነሱ ክረምት ውሃ ያቆማል" አለች፣
"የኛው ያፈሳል።"
ጣሪያው በሦስት በኩል ያንጠባጥብ ነበር፤
አንዱ ጠብታ ባልዲ፣ አንዱ ድስት ውስጥ ይወርዳል።

እኔ ሃያ ሁለት ዓመት የጀልባ ደረሰኝ ስቆርጥ የኖርሁ፣
ዘጌ፣ ደቅ፣ ጎርጎራ እያልሁ አገር ምድሩን የሸኘሁ፣
ለራሴ አንዲት ቅጠል እንኳ ያልቆረጥሁ፣
ያን ምሽት
"እንሂድ" አልሁ።

አልሳቀችም። የልጁን ደብተር ከጀርባው ገልብጣ ጻፈች፦
ካፖርት፣ ሁለት።
የሱፍ ካልሲ።
በሶ፣ ለስንቅ፣ ሳይቆጠብ።
ዶሮዎቹን ማን ይይዛል? አትጠገብ? (ትረሳለች።)
ከሥሩ እኔ፣ በደረሰኝ እስክሪብቶዬ፦
ሐይቁ ሲዘጋ ባለጀልባው ምን ይበላል?
እሷ፦ ዓሣውስ የት ይገባል?
እኔ፦ ከታች ነው። እንደ ሰው፣ እስኪያልፍ ይጠብቃል።

በመጀመሪያው ዓመት ገንዘቡ ቆርቆሮ ሆነ፤
ባልዲው ወደ ጓዳ ተመለሰ፣ ጣሪያው ተከደነ።
በሁለተኛው ልጁ ተመረቀ፣ ሙሉ ልብስ ለበሰ፤
ካፖርታችን ከረባት አስሮ በሱ ትከሻ ላይ ደረሰ።
በሦስተኛው የእናንዬን ጉልበት ያየ ሐኪም
"ብርድ ጠላትሽ ነው" ቢላት፣
"ገና ሳንሄድ ማን ነገረው?" ብላ
እስከ ቤት ድረስ ሳቀች።

ዓመቱ አለፈ፣ ሥዕሉ ከግድግዳ አልወረደም።
የሐይቁን ስም አናውቅም፤ ፋርማሲው አልጻፈውም።
ግን ሐምሌ በገባ ቁጥር
እሷ መስመር ትጨምራለች፣
እኔ አንዱን ሰርዤ መልሼ እጽፈዋለሁ።

አምና በጥቅምት፣ በጎርጎራ መንገድ፣
እምቦጩ ጀልባዋን ያዛት።
ሞተሩ አጓራ፣ አጓራ፣ ዝም አለ።
እስከ ዓይን ማብቂያ አረንጓዴ ወለል፣
አንዲት ቀጭን ወፍ ልብሷን እንደሰበሰበች እመቤት
በእግሯ ትሄድበታለች።
ተሳፋሪው ይራገማል፤ እኔ ስልክ አወጣሁ።
"የኛም ተዘጋ" አልኋት።
ዝም አለች። ቆይታ፦
"ወንበር ይዘሃል?"

ዘንድሮ በነሐሴ፣ ከቅዳሜ ገበያ የቦንዳ ክምር
ሁለት ካፖርት መዘዘች፤ ያንዱ ቁልፍ የረገፈ።
"ውድ ነው" አልሁ።
"የመንገዱ ተርፎናል እኮ።"
ከኔው ኪስ አንዲት ወረቀት ወጣች፣
ጠርዟ የተቀደደ፣ በማላውቀው ፊደል የታተመች።
ቋንቋዋን አላውቅም፤ እሷን ግን አውቃታለሁ።
ደረሰኝ ናት። የባልደረባዬን እጅ አየሁ፤
አንድ ቦታ፣ በብርድ፣ ጣቶቹን እየተነፈሰባቸው
ቆርጦ የሰጠ ሰው፣
ዘርዝር የለኝም ያለ፣
"መልካም መንገድ" ያለ።

በዚያው ሳምንት ባሕር ዳር ላይ በረዶ ወረደ፣
የማንጎውን ቅጠል እየበሳ፣ ቆርቆሮውን እያስጮኸ።
በሩብ ሰዓት ግቢው ነጣ።
እናንዬ ካፖርቷን ደርባ ዱካ ይዛ ወጣች።
"ቶሎ በል፣ ሊቀልጥብን ነው!"

ወጣሁ። ጎን ለጎን ተቀመጥን።
ዶሮዎቹ ከቆጣቸው ላይ ሆነው ታዘቡን።
ከአጥሩ ወዲያ ጣና፣ ደፍርሶ፣ ክፍቱን፣
የመጣውን በረዶ ሁሉ ሳያኝክ ይውጣል።
ሚስቴ ጉልበቷን በካፖርቱ ጫፍ ሸፈነች፣
እግራችን ሥር መሬቱ እየጠቆረ መጣ፤
እኛ ግን አልተነሣንም።

ማታ ደብተሩን ስከፍት፣
ካፖርት፣ ሁለት የሚለው ላይ ምልክት አድርጋበታለች።
ከሥሩ፣ በሚያዘምመው ጽሑፏ፦
ዶሮዎቹ፣ ገና።