አሥራ አንድ ክንድ

እኔ ልብስ ላሰጣ፣ እሱ ሽቦ ሊያስር፣
ሱር ላይ ጣሪያ ወጣን፣ ከውሃው ታንከር ሥር፤
ገና ጎህ ሳይቀድ፣
ጨው ባዘለ ንፋስ ገመዱ ሲያረግድ።

ኻልፋን በመርከብ ላይ መልእክት የመታ፣
ነጥብና ሰረዝ ላይ ጸጉሩ የነጣ፣
ጡረታ ሲወጣ ባሕር ሸጦ አየር ይዞ የመጣ።
"ትርንጎ ነኝ" ብለው፣ "ቱሩንጅ" ብሎ ጠራኝ፤
"ፍሬው ያው አንድ ነው"፤ ላርመው ስል ገታኝ።

ሦስት አንቴና ሠራን።
አንዱ የዓሣ ዘንግ ነው፣ ሽቦ ተጠምጥሞበት ቀጥ ብሎ የቆመ፤
የሩቁን ይሰማል፣ የጎረቤቱንም ኤሲ አብሮ ለቀመ።
ሁለተኛው የኻልፋን፦ በሜትር፣ በስሌት፣
ግራና ቀኝ ክንፉ ቅንጣት ስሕተት የሌለበት።
ሦስተኛው የኔ ነው፦ ከጥቅሉ የተረፈ፣
ከልብስ መስጫው ጎን ለጎን ያረፈ።
ሜትሩን እሱ ይዞት፣ በክንዴ ነው የለካሁ፤
አሥራ አንድ በግራ፣ አሥራ አንድ በቀኝ፣ ቆረጥሁ፣ አሰርሁ።

ክንዴ አጭር ነው። ከሱ በስንዝር አነሰ።
"ይሄ ለመጋረጃ ነው" ብሎ ሳቀ፣ ሳል እስኪይዘው።

ከዚያ መርፌውን አየ።
በሱ ሽቦ ወደ ቀዩ አዘነበለ፤
በኔ ወረደና ተኛ፣ ዝም አለ።
መነጽሩን ወልውሎ ደግሞ አየው፣
ገመድ አቀያየረ፤ ያው ነው።

ቆይቶ ነው የገባው፦
ስሌቱ የራቁት መዳብ ነው።
ሽቦ ላስቲክ ከለበሰ ማጠር አለበት።
ልብስ የለበሰ ነገር የኔ ሥራ ነው፤
ማንም አልነገረኝም፣ ክንዴ ነው ያወቀው።

ደብተሩ ላይ ሦስት ዓምድ አሰመረ፦
ዘንግ፣ ኻልፋን፣ ቱሩንጅ።
በየማለዳው ማብሪያውን እያዞረ ያወዳድራል፣ ይጽፋል።
እርጥብ ብርድ ልብስ ካሰጣሁ ቱሩንጅ ይደክማል።
ዓርብ አላጥብም፤
ዓርብ ሕንድ ውቅያኖስ ደጃችን ነው።

ፍቃዱ የሱ ነው። እኔ አልናገርም፣ እሰማለሁ።

አንድ ዓርብ ከሞሪሸስ አንድ ሰው መጣ፣
ድምፁ ከጎረቤት ጣሪያ እንደሚጣራ ጥርት ያለ።
"በምን አንቴና ነው?" አለ።
ኻልፋን ማይኩን እንደያዘ ዞር ብሎ አየኝ።
"በቱሩንጅ። አሥራ አንድ ክንድ።"
ሽሽሽታ። ሽሽሽታ። ከዚያ፣
"የማን ክንድ?"

መቆንጠጫ ነክሼ ነበር፣ አፌ አልተፈታም።
ክንዴን አነሳሁ።
ሬዲዮ ግን አያሳይም።