ዓይን ያለው መረብ

ከድልድዩ በታች ባጃጄን ሳጥብ፣
ዘይቷ አዌቱ ላይ ቀለም ሲረብብ፣
ደስ ይለኝ ነበረ። ያላንዳች ካፊያ
ቀስተ ደመና ነው፣ የዓይኔ ማረፊያ።
ወዴት ይወርዳል ብዬ ጠይቄም አላውቅ፤
ወንዝ ነው፣ ይሄዳል፤ የሄደ አይጠየቅ።

ካቻምና ሰኔ ላይ ቦዬ ዳር አስቀመጡን፣
«ዓሣ ማን ጨረሰው?» ብለው አፋጠጡን።
እጄን አወጣሁ። «ነዚፍ ነው» አልኩ፣ «ነዚፍ አባ ሜጫ፤
ማታ መረብ መጣል፣ ጠዋት ገበያ ሩጫ።»
ምስክር ተባልኩ። ስሜ ተጻፈ።
መረቡ በጆንያ ወደ ቀበሌ አለፈ።

ነዚፍ አልተቆጣም። ሳይወስዱት፣ ጫፉን ይዞ፣
ጣቱን በቀዳዳው ሰዶ፣ ጥቂት ተክዞ፣
«ይህ ዓይን ይባላል» አለ።
«ትልቁን አይቶ ይይዛል፣ ጫጩቱን አይቶ ይለቃል፤
ቆሮሶ በአፏ ልጅ ስትይዝ፣ መረብም ቆሞ ይጠብቃል።
አልዋሽም፤ ዓሣው ሲያንስብኝ ዓይኑን አጠበብኩት፣
ለወባ የሰጡኝን አጎበር ከኋላው ሰፋሁት።
ይህን ቁጠሩብኝ፣ እሺ። ግን ያ ከላይ የሚመጣው
የቡናው እጣቢ፣ ጥቁሩ፣ ዶሮ እንኳ የማይጠጣው፣
እሱስ ዓይኑ ስንት ጣት ነው?» አለና ዝም አለ።
ጸሐፊው ብዕሩን ሰክቶ ቃለ ጉባኤውን ጠቀለለ።

መረቡ ከተኛ ሁለት ክረምት ሆነው፤
አይጥ ዓይኑን አሰፋው፣ አቧራ ከደነው።
ቦዬ ግን አልሞላም።

በኅዳር፣ ቡና ሲታጠብ፣ ሰው ላደርስ ወረድኩ፤
ዳር ዳሩን ሆዳቸው ነጥቶ፣ ስቆጥር ስቆጥር ደከምኩ።
አምባዛው፣ ጫጩቱ እኩል፤ አንዱን ካንዱ አልመረጠም፤
ዓይን የሌለው አጥማጅ ነው፣ ከእጁ ማንም አላመለጠም።
ሞት ያለ መረብ ገብቶ በገዛ ደጇ፣
አንዷን ቆሮሶ አየኋት፣ አፏ ውስጥ እንዳለ ልጇ።
ከጎኗ፣ ሣሩ ሥር፣ ስስ ቀለም ተዘርግቶ፤
አወቅሁት። ወይን ጠጅ፣ ቢጫ፤ ከድልድዩ ሥር መጥቶ።

ነዚፍ ዛሬ ድንጋይ ይጠርባል፣ ለኮብልስቶን።
መንገድ ላይ ሳየው እቆማለሁ፤ «ግባ፣ በነፃ ነው» እላለሁ።
«በእግሬ ነኝ» ይላል።
ምስክርነቴን ላነሳ ቀበሌ ሁለቴ ሄጄ፣
«መዝገቡ ተዘግቷል» አሉኝ። ተመለስኩ፣ በባጃጄ።
ጭቃዋ ደርቆባታል፤ ሰው «ቆሸሸች» ይላል ሲያያት።
ትቆይ። ከዚያ ድልድይ ሥር ወር አለፈኝ ሳልወስዳት።