ከላም ውል የተረፈች ቃል

ከፍርድ ቤቱ አጥር ሥር፣ ከላስቲክ ዳስ በታች፣
አንድ ጠረጴዛ አለችኝ፣ አንድ እግሯን ያጣች።
ሃያ ሁለት ዓመት ማመልከቻ ጻፍሁ፣
ጅማ የተጣላችውን በመስመር ሰፋሁ።
ሽያጭ፣ ብድር፣ ፍቺ፣ የወሰን ክርክር፣
ላም በርቢ መስጠት፤ በዚህ ነው የማድር።
የውሻ ውል ግን ጽፌ አላውቅም ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት፣ ዝናቡ ሲያካፋ፣
ሁለት ሸሪክ መጡ፤ ነዚፍና ወርዶፋ።
ነዚፍ በሄርማታ ሦስት ባጃጅ ያሰማራ፣
ወርዶፋ ሥጋ ቤቱን ፈረንጅ አራዳ ያሠራ፤
በመካከላቸው፣ በገመድ ታስራ፣
ዲያና የሚሏት ውሻ፣ ጆሮዋን ቀስራ።

«ዘሯ የጀርመን ነው፤ ግማሽ ዋጋ ከእኔ፤
ሦስት ወር እሱ ግቢ፣ ሦስት ወር በእኔ፤
ከደጅ ትደር ደግሞ፣ እሰግዳለሁ እኔ፤
የምትወልደውን እኩል። ጻፍልን ወገኔ።»

ምን አውቃለሁ እኔ? የላም ውል አወጣሁ፤
ላም ያለበትን ሁሉ ውሻ እያልሁ ቀየርሁ፤
ጥጃውን ቡችላ፣ በረቱን ግቢ አልሁ፤
ዝናቡ ቸኮለ፣ እኔም አብሬ ቸኮልሁ፤
አንቀጽ አራት ላይ ስደርስ አንዲት ቃል ዘለልሁ።

ፈረሙ። ሦስት ምስክር። መቶ ሃምሳ ብር።

ከቡና ላኪው ግቢ ወንዱን ተከራዩ፤
ቀን ቆጠሩ፤ ሆዷን እየዳሰሱ አዩ።
ሰባት ወለደች።
ስድስቱ ጀርባቸው እንደ ከሰል ያለ፤
ሰባተኛው ቦቃ፣ ጆሮው የተጣለ፣
አዌቱ ድልድይ ሥር የሚያድረውን ውሻ ቁርጥ የመሰለ።

የእንስሳት ሐኪሙ፣ ሳቁን እየዋጠ፦
«በአንድ ሆድ ሁለት አባት፣ በውሻ ያጋጥማል፤
አጥሩ ከሳሳበት ማን ተጠርቶ ይገባል?»

የማን አጥር?
ኅዳር ሃያ ሁለት፣ ርክክቡ ነበር፤
ነዚፍ በባጃጁ ሊያደርሳት ሲበር፣
ሞተሩ ጠፋበት፣ አዌቱ ድልድይ ዳር።
ያቺ ሰዓት የማን ናት? ውሉ አይናገር።

ገዢው ቦቃውን አየ፤ ዋጋ ሰበረ።
ወርዶፋ «ኪሳራዬ» አለ፤ ደጁን ቆለፈ።
ነዚፍ ጠዋት መጣ፦ «ክስ ጻፍልኝ፣ ቶሎ።»
ወርዶፋ ከቀትር፦ «መልስ ጻፍልኝ፣ ቶሎ።»
ሁለቱንም ጻፍሁ፣ በአንድ ብዕር፣ በአንድ ወንበር፤
እኔው ከእኔ ጋር ስሟገት አመሸሁ በዚያ ዳር።

ችሎት ላይ ወርዶፋ ውሉን ዘረጋና፦
«አንቀጽ አራት ይነበብ፣ ክብርት ዳኛ!
"ወተቷ፣ በግቢው ላሳደራት ይሁን።"
እኔ ጋ ነው የጠቡት፣ አርባ አምስት ቀን ሙሉ፤
ሥጋቸው ከወተቴ፣ አጥንታቸው ከወተቴ፤
ወይ ዋጋውን ይክፈል፣ ወይ ይቅሩ ከቤቴ።»

ዳኛዋ መነጽሯን አውልቃ ጠረገች፤
«ውሻ ትታለባለች?» ብላ ጠየቀች።
ችሎቱ ፈነዳ፣ ዘበኛው ሳይቀር፤
እኔ ብቻ አልሳቅሁም፣ ቆሜ በበሩ ዳር።

ወደ ሽማግሌ መለሰቻቸው።

ጅሬን መውጫ፣ ዛፍ ሥር፣ ስድስቱ ተደረደሩ፤
ሦስቱ ለሦስት ባጃጅ፣ ሦስቱ ለሥጋ ቤቱ በሩ።
ዲያና በገመዷ፣ አፍንጫዋን ዘርግታ
አንድ በአንድ አሸተተች፣ ከጆንያው ተጠግታ፤
እሷን ማን ይውሰዳት የሚል አልነበረም፤
ተራው የነዚፍ ነው፤ እሱም አልተከራከረም።

«ቦቃውስ?» አሉ አንዱ ሽማግሌ።
ዝም።
ወራት ሙሉ «የእኔ ነው» ሲሉ የከረሙ፣
ዛሬ «ለአንተ ይሁን» እየተባባሉ ቆሙ።

በፌስታል ይዤው ወረድሁ።

አሁን ከእግሬ ሥር ነው፤ ዝናቡ ሲያካፋ
የጠረጴዛዬን ደህና እግር ያኝካል።
ትናንት አንድ ገበሬ ላም በርቢ ሊሰጥ መጣ፤
አሮጌውን ውል አወጣሁ፤ አንቀጽ አራትን
ሁለቴ አነበብሁለት፤ ወተቷ በቦታዋ ነበረች።
ጎንበስ ብሎ አየና፦
«ይህ ውሻ የማን ነው?»
«እንጃ» አልሁት፤ «ገና አልተጣላንበትም።»