የዘይት ቀዳዳ

ደብረ ብርሃን፣ ኅዳር። ውርጭ መስኮቱን ልሶ
ገባን ስዕል ክፍል፣ ሁሉም ጃኬት ለብሶ።
የጠረጴዛው ጠርዝ ብረት ነው፤ ያቃጥላል፤
እርሳሱ ከጣት ጋር በብርድ ይጣላል።

መምህር አምሃየስ ሰላምታ አያበዛ፣
ጥርብ እንጨት ጣለ ከፊቴ ጠረጴዛ።
«ከፊት ምን ይመስላል? ከላይስ ሲያዩት?
ሦስት ጊዜ ሳሉት፤ አንድ ሆኖ ያግኙት።»

ሦስት ጊዜ ሳልኩት።
ሦስቱም አልተዋወቁም።
ቱኤች ለቀጭኑ፣ ኤችቢ ለደማቁ፤
ላጲሱ አለቀ፣ ስህተቶቼ ሳያልቁ።

ከዚያ ደግሞ ሌላ፦
«ዓይን የማያየው፣ ከሆዱ ውስጥ ያለ፣
ቀዳዳም ይሁን ስንጥቅ፣ የለም አይባል፤ አለ።
ጭረት፣ ክፍተት፣ ጭረት፣ ክፍተት አድርጋችሁ
ንገሩት ለሠሪው፣ እሱ እንዲያምናችሁ።»

ደብተሬ ላይ ጻፍኩት። አሰመርኩበትም።
መጻፍ ግን፣ ኋላ እንዳየሁት፣ መግባት አይደለም።

በሁለተኛው መንፈቅ ኮምፒውተር ላይ ወጣን።
ሃያ ስድስት ማሽን፤ ሰባቱ አይነሳም፤
የተማሪው ቁጥር ግን ከስልሳ አያንስም።
ከሸዋ ሮቢቷ ሰዓዳ ጋር ደረሰኝ አንድ ወንበር፤
እሷ ማውሱን ስትይዝ እኔ ቁልፉን እነካ ነበር።
ቆላ የለመደች፣ በሁለት ሹራብ ላይ ሻርፕ ጠምጥማ፣
«ፍሪጅ ነው እንጂ» ትላለች፣ «የምን ከተማ!»

አውቶካድ ደግ ነው፤ ቢሳሳቱም ይሰማል፤
ኮንትሮል ዜድ ሲሉት የፈረሰው ይቆማል።
ላጲስ የሚተወው ጠባሳ የለውም፤
ክብ ሥራ ካሉት፣ ክብ ነው፤ እጁ አይንቀጠቀጥም።

ብቻ መብራት ሄደ።
ሴቭ ያላልነው ሁሉ ተከትሎት ሄደ።
ሰዓዳ ጥቁሩ ስክሪን ላይ ፊቷን አየች፤
«ይኸው የፊት እይታ» አለችና ሳቀች።

ለፋሲካ ሰላ ድንጋይ ስገባ
አጎቴ ጥላዬ ወፍጮ ቤቱን ዘግቷል፤
የኩሽኔታው ማቀፊያ ለሁለት ተሰንጥቋል።
ጆንያ ገብስ ደጃፉ ላይ ተደርድሮ፣
«ኢንጂነሯ መጣች!» አለ አንዱ ከሩቅ፣ እጁን ሰድሮ።
ኢንጂነር! በስዕል ሲ ፕላስ ያገኘች።

ካሊፐር የለም። በሠላሳ ሳንቲ ማስመሪያ ለካሁ፤
ግራሱን በነዶ ጠርጌ፣ ተንበርክኬ ለካሁ።
ሦስት እይታ ሳልኩ፤ ልኬቱን በሚሊ፤
የቀስቶቹ ጫፍ ሁሉ ስል።
በቀኝ ጥግ፣ ሳጥኑ ውስጥ፦ ሳለች፣ ፍሬሕይወት።
«ያረጋገጠ» የሚለው
ባዶውን ቀረ።

ወረቀቱ ጠባሴ፣ ጋሽ ማናህሎት ቶርኖ ቤት ተላከ።
ጋሽ ማናህሎት ከወረቀት ጋር አይከራከርም፤
ከተጻፈው አይጨምርም፣ ከተጻፈው አያጎድልም።
ብረቱ በሦስተኛው ቀን መጣ፤ ፊት ያሳያል።
ተገጠመ። ቺንጋው ዞረ። አጎቴ ሳመኝ።
እስከ ስድስተኛው ቁና።
ከዚያ ጮኸ።
ከዚያ ሸተተ።
ከዚያ አጎቴ ነክቶት፣ ጣቱን አፉ ውስጥ ከተተ፤
ማንም ምንም አላለኝም። እሱ ነው የባሰው።

በጭነት መኪና፣ ብረቱን ጭኔ ላይ አድርጌ ሄድኩ።
ጋሽ ማናህሎት ገለበጠው፣ መልሶ ገለበጠው፤
«ዘይት በየት ይጠጣ?» አለ።
ወረቀቴን ከግድግዳው ነቀለ፤
በጥቁር ጣቱ ከዳር እስከ ዳር ዳሰሰው።
«እኔንም ገርሞኝ ነበር፣ ልጄ፤ ቀዳዳ የለውም።
ግን ወረቀቱ አላለም።
የተማረ ሰው ሳይል እኔ ምን ብዬ እበሳለሁ?»

ድሪሉን ሰካ። አምስት ደቂቃ።
ገንዘብ ስሰጠው፣ «ለአየር አላስከፍልም» አለ።

ማታ አጎቴ ደወለ። ከድምፁ ኋላ ወፍጮው፦
ቱክ፤ ዝም፤ ቱክ፤ ዝም፤ ቱክ።

ሰኞ፣ ላብራቶሪ። መብራት አለ።
ማውሱን ከሰዓዳ ተቀበልኩ።
የመስመር ዓይነት፦ የተቆራረጠ።
ጭረት፣ ክፍተት፣ ጭረት።
«ምን ትስያለሽ?» አለች፣ «ከዚህ በኩል እኮ ምንም አይታይም።»
ሴቭ አልኩ።
ትንሽ ቆየሁና
እንደገና ሴቭ አልኩ።