ከሚዛኑ ሥር

የቆርቆሮ ግድግዳ፣ ከመርከብ የተረፈ ቀለም ተቀብቶ፣
ቤት በቤት ትከሻ፣ ባሕሩን ለማየት ሽቅብ ተንጠራርቶ፣
እንዲህ ናት ቫልፓራይሶ።

እኔ የዚያን ጊዜ የሃያ ዓመት ልጅ፣ ሒሳብ ተለማማጅ፣
ቦርሳ ተሸካሚ፣ እርሳስ ቀራጭ ነበርሁ በኤዱቪሂስ ደጅ።
ደንበኞቿ፦ ጃንጥላ ጠጋኙ፣ ሁለት ጀልባ ያላት መበለት፣
ግብር በመጣ ቁጥር ሆዱን የሚቆርጠው ባለ ዕንጨት ቤት።
«ምን ትሠራለች?» ሲሉኝ፣ «ቁጥር ትደምራለች» እል ነበር ያኔ፤
ያንን ያህል ብቻ ነበር ያየው ዓይኔ።

አንድ ማክሰኞ ማለዳ ዳቦ ጋጋሪው መጣ፣
ዱቄት በቅንድቡ፣ በአንገቱ ሥር ቁጣ።
«ሌባ አለ ቤቴ ውስጥ» አለ ሳይቀመጥ፣
«ሣጥኔን ብትከፍቺው አይጥ ነው የሚሮጥ።
የምድጃው ልጅ ነው፣ ያ ኤውስታኪዮ፤
ዛሬ አባርረዋለሁ» አለን ኔሜስዮ።

ቀና አላለችም፤ መነጽሯን በቀሚሷ ጫፍ ወለወለች፣
«ሰው ከማባረርህ በፊት አንድ ሌሊት ስጠኝ» አለች።

ከሌሊቱ በአሥር፣ የገመዱ ባቡር ሳይነቃ ከእንቅልፉ፣
መቶ ሃያ ደረጃ ወጣን፣ ጉልበቷ ቋ እያለ በየእጥፉ።
ጆንያ ቆጠረች፣ ሊጡን መዘነችው፣
በምድጃው ትንፋሽ ተንኖ የጠፋውን ውኃ እንኳ ጻፈችው።
ልጁም፣ ኤውስታኪዮ፣ ከእሳቱ ፊት ቆሞ፣
እጁን ኪስ አይከትም፣ ሐሜቱን ቀድሞ ሰምቶ፣ ታሞ።

ሲነጋ፣ ሰው ተሰልፎ ኔሜስዮ ሲመዝን፣ አንድ ጥግ ይዛ
ቆየች፣ ዓይኗ ከዳቦው ሳይሆን ከድንጋዩ ላይ ፈዝዛ።
ከዚያ ተነሣችና የአባቱን ሚዛን፣ የነሐስ ሁለት ጆሮ፣
ገለበጠችው። ከድንጋዩ ሳሕን ሥር፣ በሰም ተጣብቆ፣ በጥላሸት ታስሮ፣
ሦስት ሳንቲም ተኝቷል፣ ምስሉ የጠፋ፤
በየኪሎው አርባ ግራም፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ፣ ገዢው ከረጢት ውስጥ የሚደፋ።

ኔሜስዮ ዝም አለ። ጣቱ ሳንቲሙን ዳሰሰ።
«አባቴ ነው» አለ፤ ድምፁ አነሰ።
«ወደቡ የተዘጋ ጊዜ፣ ሠፈሩ ሥራ ፈቶ፣
ሰው ‹ስጡኝ› ማለት አፍሮ፣ በባዶ ሆድ ተኝቶ፣
ያኔ አድርጎት ይሆናል፤ ለእኔም ሳይነግር ሞቶ።»

ሌላ ሒሳብ አዋቂ ቢሆን «ንቀለው» ባለ ነበር፤
ሰም መፈቅፈቅ ብቻ ነው፣ ምን አለው የሚያስቸግር?
እሷ ግን መዝገቡን ገልጣ፣ ባዶ መስመር ላይ፣
«ስጦታ ከሆነ ስም ይኑረው» አለች፣ «ስም የሌለው ስጦታ ሌብነት ይመስላል ለሚያይ።»
ጻፈችም፦ የአባባ ሳንቲም። በየኪሎው አርባ ግራም። ወጪ።
«እውነተኛው ሌባ» አለች፣ «አለልህ፣ ከደጅ፣ ከውጪ።»

የወፍጮ ቤቱ ዱቤ ነበር፤ ወለዱ በደረሰኝ ጀርባ፣
በደቃቅ ፊደል ተጽፎ፣ ዓርብ ዓርብ ሲገባ።
«ዱቤውን ተው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ፣ በእጅህ ባለው ግዛ፤
ጎረቤት ጋጋሪዎችህንም አስከትል፤ ዋጋ የሚወርደው ገዢ ሲበዛ።
ከሁሉ በፊት ግን» አለች፣ ቦርሳዋን እኔ ላይ ጭና፣
«ምድጃው ጋ የቆመ ዕዳ አለብህ፤ እሱን ዛሬውኑ ክፈል፣ ሂድና።»

ሁለት ክረምት አለፈ። አዲስ ምድጃ ተተክሎ፣
ቄሱ ጸበል ረጭተው፣ ሰው እስከ ደረጃው ተንጠልጥሎ፣
ኔሜስዮ አመሰገነ፤ ሚስቱን፣ አምላኩን፣ ባንኩን፣
ምድጃ የሸጠለትን ሰውዬ እንኳን።
ኤዱቪሂስን ረሳት።

እኔ በንዴት ቀላሁ። እሷ ሰልፉ ውስጥ ቆማ፣ ተራዋን ጠብቃ፣
«አንድ ኪሎ» አለች፤ ከፈለች ሳንቲሟን ጠንቅቃ።
መዛኙ ኤውስታኪዮ ነበር፤ ነጭ ሽርጥ ታጥቆ፣
ሰው ዓይን ውስጥ እያየ፣ በጆሮው እርሳስ ሰንቆ።

«አላናደደሽም?» አልኋት፣ ቁልቁል ስንወርድ።
ከረጢቱን ዘረጋችልኝ፤ ገና ይሞቃል፣ እጅ ያነድድ።
«ስንት ይመዝናል?»
ከፍ ዝቅ አደረግሁት። «ኪሎ።»
«ኪሎ ከአርባ» አለች እየሳቀች። «ደህና ልጅ ነህ። ተለማመድ።»